«ሦስቱ አልበሉም» ብሎ የሚደውል ሠራተኛ

አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በማቆያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ብዙ አይተኛም። በረቱ ሞልቷል፣ መርከቡ ቀጠሮ ተይዞለታል፣ ባለንብረቱም ቀኑን ሙሉ ሁለት ስልክ እያቀያየረ ያወራል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሠራተኛው በባትሪ ብርሃን በረቱን ሲዞር፣ ከስድስት መቶ በጎች መካከል ሦስቱ ከመኖው ገንዳ ርቀው ቆመዋል። አንዱ አፍንጫው ረጥቧል፤ ሁለቱ ራሳቸውን ደፍተዋል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ካርድም አለው።

ያን ጊዜ የሚያስበው ስለ በሽታው አይደለም። አምና እንዲህ ብሎ የደወለው ጓደኛው የገጠመውን ነው የሚያስበው። «ትናንት ደህና ነበሩ፣ አንተ ምን አበላሃቸው?» ተብሏል፤ የሁለት በግ ዋጋ ከሒሳቡ ተቀንሶበታል፤ በሚቀጥለው ወቅት ሠራተኛ ሲጠራ የእሱ ስም አልተነሳም። ስለዚህ ባትሪውን ያጠፋል። እስኪነጋ ይሻላቸው ይሆናል።

ይህ ሰው ፈሪ አይደለም። ጅብ በሚዞረው በረት ብቻውን ያድራል፤ የተቆጣ ኮርማ ቀንዱን ይዞ ያስራል፤ ዝናብ ባጠጣው መንገድ ሰንጋ እየነዳ ቀናት ተጉዟል። የሚጎድለው ሌላ ዓይነት ድፍረት ነው፤ ለአሠሪ ደስ የማይለውን ነገር በሰዓቱ የመናገር ድፍረት። በቁም እንስሳት ንግድ የሥራን ውጤት የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

በገበያው «ደፋር» የሚባለው ሰው ሌላ ነው። በዱቤ ሦስት መቶ ሰንጋ የሚያነሳው፣ ዋጋ ሲወድቅ ሳይሸጥ የሚጠብቀው፣ ሌላው የሸሸውን መንገድ የሚገባበት ነው። እሱን ማንም አይነቅፈውም፤ ያለ እሱ ንግዱም አይኖርም። ነገር ግን የእሱ ድፍረት የሚያተርፈው ገንዘብ ሁሉ በበረቱ ውስጥ ባትሪ ይዞ በሚዞረው ሰው እጅ ላይ ያድራል። ትርፉ መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው እዚያ ነው።

ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከገበያው ጀምሮ መከተል ይሻላል። ከቦረና ገበያዎች፣ ከዱብሉቅ ወይም ከሃሮበኬ የተገዛ ኮርማ በአይሱዙ ተጭኖ አዳማ አካባቢ ወዳሉት ማድለቢያዎች ሲሄድ፣ የጎደለና የሞተ ከሹፌሩ ወይም ከአጃቢው ሒሳብ ይቀነሳል የሚለው ስምምነት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ስምምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ንብረቱን በዓይኑ የማያይ ባለንብረት ሌላ ምን መያዣ አለው? መንገድ ላይ ተሸጦ «ሞተ» የተባለ ከብት ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ነገር ግን ይህ ቅጣት በተግባር የሚያመጣውን ማየት ያስፈልጋል። መኪናው ላይ አንድ ኮርማ ይወድቃል። ቆሞ ማንሳት ጊዜ ይፈጃል፤ መደወል ደግሞ ዋጋውን ያስቆርጣል። ስለዚህ ሹፌሩ ጋዝ ይረግጣል። እስትንፋሱ ሳትወጣ ካወረደው ዕዳው ከእሱ ትከሻ ወርዶ ወደ ማድለቢያው ሠራተኛ ይሸጋገራል። የማድለቢያው ሠራተኛም ያንኑ ሒሳብ ያሰላል፦ እስከ ርክክቡ ቀን በእግሩ ከቆመ የሌላ ሰው ዕዳ ነው። እንስሳው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በሽታውም አብሮ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ግን በራሱ ፈረቃ «ምንም አልነበረም» ለማለት ይችላል። ለቁጥጥር የወጣው ደንብ ባለንብረቱን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ ሰው አድርጎታል።

በድንበር ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፤ ቋንቋ። ከብቱን የሚጠብቀው ቦረንኛ ወይም ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ ነው፤ የበረት ኃላፊው ሌላ፣ ባለንብረቱ ሌላ፣ ገዥው ደግሞ ዐረብኛ ተናጋሪ። «ሦስቱ ታመዋል» የሚለው ቃል በኃላፊው በኩል ሲያልፍ «ሦስቱ ትንሽ ደከም ብሏቸዋል» ይሆናል፤ ደላላው ጋ ሲደርስ «ሙቀቱ ነው እንጂ ደህና ናቸው» ይባላል፤ ባለንብረቱ ጆሮ ሲገባ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና» ሆኖ ይገባል። ከእነዚህ ሰዎች ማንም በግልጽ አልዋሸም። ሁሉም ቃሉን ትንሽ ትንሽ አለስልሰውታል፤ ምክንያቱም ቃሉን ያደረሰው ሰው ላይ ቁጣው እንደሚያርፍ ያውቃሉ። መርዶ ነጋሪ መሆን በማንም አገር የሚወደድ ሥራ አይደለም።

በመስክ ያለው ሰው ያውቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ ይህ ቀጠና የራሱ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በጋሪሳ አካባቢ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ ውሃው ተኛ፣ የወባ ትንኝ ዓይነቱ ሁሉ ፈላ። በጎች በአንድ ሰሞን ማስወረድ ጀመሩ፣ ግልገሎች ረገፉ። የሶማሌ አርብቶ አደሮች ለዚህ በሽታ የቆየ ስም ነበራቸው፦ «ሳንዲክ»፣ የአፍንጫ ደም። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑት ባለሙያዎች እንደ ጻፉት አርብቶ አደሮቹ የገለጹት ምልክት ከስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ጋር በእጅጉ የሚስማማ ነበር፤ አደጋውንም ከተዘረጋው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ቀድመው ገምተው ነበር። ከመጀመሪያው የታመመ እንስሳ እስከ መጀመሪያው የታመመ ሰው የነበረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል እንደሆነም ጥናቱ ያሳያል። ለመከተብና የእንስሳ እንቅስቃሴ ለመግታት ሁለት ሳምንት ተኩል ትንሽ ጊዜ አይደለም። በሽታው ይፋ የሆነው ግን ሰዎች ሆስፒታል መግባት ከጀመሩ በኋላ ነበር። በኬንያ ብቻ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ገበያዎች ተዘጉ።

የተገላቢጦሹም በዚሁ ቀጠና ታይቷል። ደስታ የሚባለው የከብት መቅሰፍት ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አፋር ላይ ያንን በሽታ ለማጥፋት በ1990ዎቹ ወሳኝ ሥራ ከሠሩት መካከል ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሸክመው የራሳቸውን ጎሳ ከብት የከተቡ፣ በማኅበረሰቡ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ይገኙበታል። ዲግሪ አልነበራቸውም። የነበራቸው ያዩትን የሚቀበላቸው ሰው ነው።

ለነጋዴው የዚህ ሁሉ ዋጋ በባሕሩ ማዶ ይከፈላል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን እንስሳ አገደች፣ ከፈተች፣ በ2000 ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በራሷ ምድር በጂዛንና በየመን ሲነሳ እንደገና ዘጋች። ሁለተኛው እገዳ በይፋ የተነሳው በ2009 ነው። በጅቡቲና በበርበራ ትልልቆቹ ማቆያ ጣቢያዎች የተሠሩት በእነዚያ ዓመታት ነበር፤ ገዥው የሻጩን ቃል ማመን ስላቆመ በመካከል የቆመ አጥር ናቸው። በሽታውን ያመጣው ዝናብና ትንኝ እንጂ የአንድ ሰው ዝምታ አይደለም፤ ይህን አለማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ገዥው የሚፈራው በሽታውን ብቻ አይደለም። በሽታ እያለ «የለም» መባሉን የበለጠ ይፈራዋል።

በዚህ በኩል የአፍሪካ ቀንድ ነጋዴ ብቻውን አይደለም። በ2003 ወደ 58 ሺሕ የሚጠጉ የአውስትራሊያ በጎችን የጫነችው ኮርሞ ኤክስፕረስ ጅዳ ላይ የአፍ ቁስል በዝቶባቸዋል ተብላ ተመለሰች። አውስትራሊያውያኑ ቁጥሩን አልተቀበሉም፤ ክርክሩ ግን በጎቹን አላወረዳቸውም። መርከቧ ከሁለት ወር በላይ በባሕር ከተንከራተተች በኋላ በጎቹ የወረዱት ምጽዋ ላይ፣ ለኤርትራ በስጦታ ነው። ከአሥሩ አንዱ ያህል መንገድ ላይ አልቋል። የተራቀቀ የላኪነት ሥርዓት ያለው አገር እንዲህ ከሆነ፣ በሦስት በግ የተነሳ ስድስት መቶው ሊመለስበት የሚችለው ነጋዴ የሌሊት ስልክን እንደ ስድብ መቁጠሩ ይገርማል።

ድፍረት ከሥራ ውጤት ጋር ያለውን ግንኙነት ከመረመሩት መካከል የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን ትጠቀሳለች። በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ ጥሩ አመራር ያላቸው የነርሶች ቡድኖች ጥቂት ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ በጥሩዎቹ ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት በለጠ። ቆይታ የተረዳችው እነዚያ ቡድኖች የበለጠ እንደማይሳሳቱ፣ ይልቅስ የተሳሳቱትን እንደማይደብቁ ነው። በ1999 ባሳተመችው ሌላ ጥናት ደግሞ በአንድ የቢሮ ዕቃ አምራች ድርጅት 51 የሥራ ቡድኖችን ተመልክታ፣ አባላቱ ሳይሸማቀቁ የሚናገሩባቸው ቡድኖች ከስሕተታቸው የበለጠ እንደሚማሩ፣ በዚያም በኩል ሥራቸው እንደሚሻል አሳየች።

ወደ በረት ሲተረጎም ነገሩ ቀላል ነው። ወቅቱን ሙሉ አንድም የሕመም ሪፖርት ያልወጣበት ማቆያ ጤናማ ማቆያ ላይሆን ይችላል። ስልኩ በየሳምንቱ ሁለቴ የሚጮህ ነጋዴ፣ ስልኩ ጸጥ ካለው ጎረቤቱ የተሻሉ ሠራተኞች ሊኖሩት ይችላል። ብዙ ነጋዴ ግን ሠራተኛውን የሚመዝነው በተቃራኒው ነው። «እሱ ምንም አያስቸግረኝም» የሚለው ሙገሳ በዚህ ሥራ ከሚነገሩ አደገኛ ሙገሳዎች አንዱ ነው።

እርግጥ የሚናገር ሁሉ ደፋር አይደለም። በግ ባስነጠሰ ቁጥር የሚደውል ሠራተኛ አለ፤ እሱን መስማት የሰለቸ ነጋዴ አይፈረድበትም። «ታሞ ነበር» ብሎ በግማሽ ዋጋ ለዘመዱ የሚሸጥም አለ። ሁለቱንም ከእውነተኛው የሚለየው የሚናገሩት ዝርዝር ነው። የሚያውቅ ሰው «ታመዋል» ብሎ አያቆምም። ስንት እንደሆኑ፣ የጆሮ መለያ ቁጥራቸውን፣ ከመቼ ጀምሮ መኖ እንዳቆሙ፣ የሚያነክሱ ወይም ለሃጭ የሚያዝረበርቡ እንደሆነ፣ ከየትኛው ገበያ አብረው እንደመጡ ይናገራል። አፍተግር የያዘው ኮርማ ለሃጩና እግሩ ይናገሩበታል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ፣ ብዙዎች ፒፒአር የሚሉት፣ በአፍንጫና በዓይን ፈሳሽ፣ በአፍ ቁስልና በተቅማጥ ይታያል፤ በተጠጋጋ በረት ውስጥም በትንፋሽ ይዛመታል። ይህን ያህል ማስተማር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ሠራተኛ የሚፈራው ባለንብረቱን ብቻ ሳይሆን ተሳስቶ መሳቂያ መሆንንም ነው፤ የሚያየውን በስሙ መጥራት የቻለ ሰው ስልኩን ቶሎ ያነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ። በማድለቢያዎች ድርቆሽ የምታቀርበው፣ በረት የምትጠርገው ሴት የእያንዳንዱን ኮርማ እበት ከማንም በፊት ታያለች። የቀን ሠራተኛ ናት፤ ማንም አይጠይቃትም። ብትናገርም «አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» ትባላለች። አንድ ኮርማ ተቅማጥ እንደጀመረው በማለዳ ሁለት ሰዓት የምታውቀው እሷ፣ ሐኪሙ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ከሆነ፣ በመካከል ያለውን ኪሳራ የከፈለው ባለንብረቱ ነው።

ለመናገር ከሚከብዱት ቃላት ሁሉ የከበደው ግን «በቃ፣ ሞልቷል» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባድር 1 የተባለችው መርከብ በሱዳን ሱዋኪን ወደብ ከመቆሚያዋ ሳትርቅ ሰጠመች። በወቅቱ የወደቡ ሰዎች ለዜና ወኪሎች እንደተናገሩት 15,800 ያህል በጎች ተጭነውባት ነበር፤ መጫን የነበረባት 9,000 ያህል ነው። ሠራተኞቿ በሙሉ ተርፈዋል። በጎቹ ግን ከጥቂት መቶዎች በስተቀር አለቁ። ጉዞው ወደ ሳዑዲ ነበር።

በመጫኛ መሰላል ሥር ሁልጊዜ የሚቆጥር ሰው አለ። ዘጠኝ ሺሕኛው በግ ሲያልፍ ያልፋል፣ አሥር ሺሕኛውም ይከተላል፣ አሥራ አምስት ሺሕኛውም። ከዘጠኝ ሺሕ በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ጭነቱን ማስቆም ይቻል ነበር። የሚያስቆመው ቃል ወይ አልተነገረም፣ ወይ ተነግሮ አልተሰማም። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ቆጣሪ ማቆም የማይችል ከሆነ የሚይዘው እስክሪብቶ ጌጥ ነው።

ሠራተኛ ደፋር እንዲሆን መምከር እንግዲህ ርካሽ ነገር ነው። ደመወዙ በወቅት የሚከፈል፣ ውል በቃል የሚገባ፣ ነገ በሌላ የሚተካ ሰው፣ ድፍረቱን ከራሱ ልጆች ጉሮሮ ነጥቆ እንዲከፍል መጠየቅ ነው። የድፍረቱን ዋጋ መክፈል የሚችለው ባለንብረቱ ነው፤ የሚያተርፍበትም እሱ ነውና።

የመጀመሪያው ክፍያ ገንዘብ እንኳ አይደለም። ስልኩ ሌሊት ሲጮህ ባለንብረቱ የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። «የት ነበርክ?» ካለ ያ ሠራተኛ ሁለተኛ አይደውልም፤ ወሬውን የሰሙ አምስት ጓደኞቹም አይደውሉም። «ስንቱን ለየህ?» ካለ ግን ሠራተኛው የሚያስበው ስለሚቀጥለው ሥራ ይሆናል። ሌላው ክፍያ የቅነሳውን ደንብ መገልበጥ ነው። ሕያው ሳለ የተነገረ እንስሳ ቢሞት በባለንብረቱ ኪሳራ ይያዝ፤ ሳይነገር ሞቶ የተገኘ በጠባቂው ይቆጠር። እንዲህ ሲሆን መያዣው አይጠፋም፤ የሚያስፈራው ነገር ብቻ ይለወጣል። ዛሬ ሠራተኛውን የሚያስፈራው መናገር ነው፤ ያን ጊዜ ዝምታው ያስፈራዋል። ደንቡን የሚበዘብዝ አጭበርባሪ አይጠፋም። ግን የጆሮ መለያ ቁጥር፣ የስልክ ፎቶና የሐኪም ፊርማ ባለበት ዘመን አጭበርባሪን መያዝ ዝምተኛን ከማናገር ይቀላል።

ቋንቋውን በተመለከተም ቢሆን ብዙ ወጪ የለውም። ቃሉ በሦስት አፍ እንዳያልፍ፣ የበረቱ ጠባቂ በራሱ ቋንቋ በድምፅ ቀርጾ በቀጥታ ለባለንብረቱ ቢልክ፣ የሚተረጉም ሰው በየከተማው አለ። ኃላፊው ይቀየም ይሆናል። ይቀየም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የባለንብረቱ የራሱ ስልክ ነው። ጅዳ ወይም ዱባይ ላለው ደንበኛው ደውሎ «ስድስት መቶ ብዬህ ነበር፤ አምስት መቶ ስልሳ ነው የምልከው፣ አርባዎቹን ለይቻለሁ» ማለት አለበት። ያ ገዥ ሊቆጣ፣ ዋጋ ሊቀንስ፣ ወደ ሌላ ላኪ ሊሄድ ይችላል። ለባለንብረቱ በዚያች ደቂቃ ያለው ስሜት፣ ባትሪ ይዞ በበረቱ የቆመው ልጅ ከተሰማው ብዙ የሚለይ አይደለም። ሠራተኞች ደግሞ ይህን ያያሉ። አሠሪያቸው የታመመውን ከመንጋው መካከል ሸሽጎ ሲያስጭን ያዩ ሰዎች፣ ለእሱ ብቻ እውነት የሚናገሩበት ምክንያት የለም። «ቀለም ቀቡት፣ አይታወቅም» ብሎ ያዘዘ ሰው፣ በማግሥቱ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ ሲጮህ በረቱ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

አርባ በግ ለይቶ የቀረ ላኪ በዚያ ጉዞ ይከስራል፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። የመኖው፣ የማቆያው፣ የመጓጓዣው ወጪ ወጥቷል። የተለዩት እስኪያገግሙ ይቆያሉ፣ ያላገገሙት ይሞታሉ። ያም ሆኖ አምስት መቶ ስልሳው ይወርዳል። ገዥውም በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ላኪ «ደህና ነው» ሲሉት የማንኛውን ቃል እንደሚያምን ያውቃል።

የመጪው አረፋ የጠባቂና የሹፌር ስምምነት በአብዛኛው ገበያ የሚደረገው ከወራት በፊት ነው፤ አንዳንዱ በወረቀት፣ የሚበዛው ሻይ ቤት ተቀምጦ በቃል። ስለ ሞተ እንስሳ የሚናገር አንድ መስመር እንደ ሁልጊዜው ይኖረዋል። ሕያው ሳለ ስለተነገረ እንስሳ ሌላ መስመር መጨመር፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።